የጎድን ክንፍ

አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ግቢ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣
ከእፉኝቱ በስተግራ፣ ከአይጦቹ ረድፍ ማብቂያ፣
ትንሽ ብልቃጥ አለ፤ ፎርማሊኑ ሻይ መስሎ ጠቁሯል፤
በውስጡ አንድ ፍጡር ጎኑን ዘርግቶ ቀርቷል።
ወረቀቱ ላይ በእጅ ጽሕፈት፦ "በራሪ እንሽላሊት"፤
የቀረው ፊደል የለም፤ ውሃ ነክቶት፣ ቀን በልቶት።

"እኔ ነኝ ያመጣሁት" ይላል ጋሽ ልሣነወርቅ፣
ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ፤
"የሦስት ሳምንት ሥልጠና፤ አገሩ ሩቅ፣ ደሴት፣
ዝናብ የማይሰለቸው፣ ቅጠሉ የጥጃ ቆዳ የሚያክልበት።
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከአንድ ግንድ ሥር ተቀመጥኩ፤
አልቅት መጠጠኝ፣ ጫማዬ ሻገተ፣ አንገቴ ደረቀ፤ ጠበቅኩ።
በአሥራ ሁለተኛው፣ ተስፋ ቆርጬ ካልሲዬን ስጨምቅ፣
ከላይ አንድ ቅጠል ረገፈ። ይርገፍ አልኩ፣ ምን ይደንቅ።
ቅጠሉ ግን መሃል መንገድ ላይ አሳቡን ለወጠ፤
ወደ ጎን ዞረ፣ ቀና አለ፣ ከማዶ ግንድ ላይ ተቀመጠ።"

መፍቱሃ መጠየቅ አይታክታትም፤ ብልቃጡ ላይ ተደፍታ፣
"ክንፉ ከየት መጣ? ላባ የለው፣ እጁም በቦታው አለ!"
ትላለች፣ መስታወቱን በጥፍሯ መትታ።
እሱ ኮቱን ይከፍታል፤ ሸሚዙ ላይ ጎድኑን ይቆጥራል፦
"ከዚህ ነው። ጎድኑን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ቆዳው ይወጠራል።
ልቡን እንዲከልልለት የተሰጠውን አጥር
ነቅሎ ዘረጋና ተሳፈረበት፤ ይኸው ነው ምሥጢር።
ደግሞ አይበርም፣ ጻፊ! በራሪ ያለው ሰው ዋሽቷል፤
ይወድቃል። እንደማንም ይወድቃል። አወዳደቁን ግን ያውቃል።"

እናቴ ማታ ስትጸልይ "አወዳደቄን አሳምረው" ትላለች፤
ስለ ሞት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ማዶ ያለውን ግንድ ታያለች።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የለም። ስለዚህ ያለውን እናያለን፤
በስድስት ሰዓት፣ ምሳ ዕቃችንን ጭናችን ላይ አድርገን፣
ከሕንጻው ጀርባ ካለው ግንብ ፊት ቁጭ እንላለን።
እንሽላሊቷ ትወጣለች። ጅራቷ ግማሽ ነው፤
ቀሪውን ለድመት ሰጥታ ራሷን የዋጀችበት ነው።
መፍቱሃ ደብተሯ ላይ፦ "ስድስት ከሃያ፣ ወጣች።
ስድስት ከሃያ አምስት፣ ምንም። ስድስት ተኩል፣ ምንም። ዓይኗን ጨፈነች።"
"ምንም" የሚለው ቃል ገጹን ሞልቶ ሲሰለፍ
ጋሽ ልሣነወርቅ ደስ ይለዋል፦ "ጎበዝ! እሱም ይጻፍ፤ አይለፍ።"

ከአጥሩ ወዲያ ረዳቱ፦ "ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! የሞላ፣ አንድ ሰው!"
ከማዶ ኤክስካቫተር አንድ አሮጌ ቤት ይገፋል፤
ቤቱ አወዳደቅ አላወቀም፤ ባንድ ጊዜ አቧራ ለበሰው።

አንድ ረቡዕ ጭልፊት ጥላውን ግንቡ ላይ ጣለ፤
እንሽላሊቷ ሮጠች፣ ጫፍ ደረሰች፣ ከዚያ ወዲያ ግንብ የለ፤

ዘለለች።

ጎድኗ አልተከፈተም። ቆዳዋ አልተወጠረም።
አራት እግሯን አየሩ ላይ በተነች እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም።
ግን እምላለሁ፣ ለአንድ ትንፋሽ፣ ከግንቡና ከአስፋልቱ መካከል
አራት ኪሎ እንደ ብልቃጥ ውሃ ረጋ፤
ጥሩንባው እንኳ ቆሞ ያየ ይመስል።

ታክሲው ጣሪያ ላይ ጠብ አለች፣ ከታሰረው ፍራሽ ጥግ።
"ሞልቷል፣ ሳበው!" አለ ረዳቱ፤
ግማሽ ጅራቷን አንጠልጥላ፣ ሒሳብ የማትጠየቅ ተሳፋሪ፣
ወረደች ወደ ካዛንቺስ፤ እኛ በምሳ ዕቃችን ቀሪ።

መፍቱሃ ሰዓቷን አየች። "ስድስት ከአርባ ሰባት" ብላ ጻፈች፤
ቀጥላ "በረረች" አለች፤ ሰረዘችው፤ "ወደቀች" አለች፤
እሱንም ሰረዘች። ብዕሯን ነከሰች።
ጋሽ ልሣነወርቅ ኮቱን ቆለፈ፣ ጎኑን በመዳፉ ዳበሰ፣
"ባዶውን ተይው" አለ፤ ወደ ብልቃጡ ተመለሰ።

በነጋታው ግንቡ ሞቆ ነበር። ቁጭ አልን።
ስድስት ከሃያ፣ ምንም።
ስድስት ከሃያ አምስት፣